የተራ ሒሳብ፦ በክፍት የቼዝ መክፈቻ ስለሚደረግ ማጥቃትና ስለ ሰንጠረዥ ወረራ

(በአርባ ምንጭ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ ቼዝንም የማየው በዚያው ዐይን ነው። ስለዚህ ዛሬ የማቀርብላችሁ የታላላቅ ተጫዋቾችን ገድል ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው፦ በጨዋታው መጀመሪያ፣ ሠራዊቱ ገና ከሰፈሩ ሳይወጣ፣ ማጥቃት የሚያዋጣው መቼ ነው?

ጥያቄው የመዝናኛ ብቻ አይደለም። ዛሬ ቼዝ ከሚማሩት ወጣቶቻችን ብዙዎቹ ጨዋታውን የሚያገኙት በስልካቸው ነው፤ በስልክ ደግሞ ቶሎ የሚዛመተው ወጥመድ ነው። ተማሪው ሰባት ስምንት እርምጃ ይሸመድዳል፤ ወጥመዱን የማያውቅ ጓደኛውን ያሸንፋል፤ የሚያውቅ ሰው ሲገጥመው ግን የሚያደርገው ይጠፋዋል፤ ወጥመዱን የወለደው ሐሳብ ምን እንደ ሆነ አልተነገረውምና። ይህ በቼዝ ብቻ የሚታይ እንዳልሆነ መምህራን ታውቃላችሁ። ቀመር ሸምድዶ የመጣ፣ ጥያቄው ጥቂት ሲለወጥ ግን እስክሪብቶውን የሚያስቀምጥ ተማሪ ያላጋጠመው መምህር አይኖርም።

የምከራከርበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ማጥቃት የድፍረት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የተራ ሒሳብ ጉዳይ ነው። ይህንን በሁለት መንገድ ለማሳየት እሞክራለሁ። በመጀመሪያ ከጣሊያን መክፈቻ በሚነሣ አንድ ታዋቂ የማጥቃት ስልት፤ ቀጥሎም በአገራችን ነባር ጨዋታ በሰንጠረዥ፣ በተለይም «ወረራ» ተብሎ በሚጠራው የጨዋታው መጀመሪያ ክፍል።

ተራ ምንድን ነው?

ለአዲስ አድማጮች ስል ስሞቹን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ግንብ፣ ጳጳስ፣ ፈረስና ወታደር እላለሁ። ዓምዶቹ ከነጭ ተጫዋች ግራ ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ይባላሉ፤ ረድፎቹ ደግሞ ከነጭ በኩል ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። «ኢ4» ስል በኢ ዓምድ አራተኛው ቤት ማለቴ ነው።

ነጭ ወታደሩን ኢ4 ላይ ሲያቆም ጥቁርም በኢ5 ሲመልስ ጨዋታው «ክፍት ጨዋታ» ይባላል። የሰሌዳው መሐል ቶሎ የመከፈት ዕድል ስላለው ነው። መሐሉ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ለአርባ ምንጭ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። አባያንና ጫሞን የሚለየውን የእግዜር ድልድይ አስቡ። ውኃውን ሳይነካ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ማለፍ የሚፈልግ ሁሉ መንገዱ በዚያ ጠባብ መሬት ላይ ነው። የቼዝ መሐልም እንደዚሁ ነው፤ ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው የሚሻገር ኃይል አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በዚያ ነው። መሐሉ ሲከፈት ቀድሞ የወጣ ኃይል ይሮጥበታል፤ ያልወጣው ደግሞ ይታፈንበታል።

በቼዝ እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ጊዜ አንድ እርምጃ ብቻ ይራመዳል፤ ከዚያም ተራውን ለሌላው ይለቃል። በጋሞ ደጋ ዱቡሻ ላይ የተቀመጠ ሰው የዚህን ሥርዓት ክብደት ያውቃል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ተራውን ያገኘ ሰውም በከንቱ ቃል አያባክነውም። ቼዝ የሚሠራው ከዚህ ሥርዓት ነው። ገንዘባችን ተራ ነው፤ በመክፈቻው ውስጥ ያሉን ተራዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ከቆየ ልምድ የመጣ ግምታዊ ምንዛሪ አለ፤ በመክፈቻ ሦስት ተራ አንድ ወታደር ያህል ይመዝናል ይባላል። ምንዛሪው የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ለመጀመሪያ ግምት ግን ያገለግላል፤ እኛም ዛሬ እንጠቀምበታለን።

የተጠበሰው ጉበት

የጣሊያን መክፈቻ እንዲህ ይጀምራል። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5። ነጭ ፈረሱን ወደ ኤፍ3 ያወጣል፤ ጥቁር ፈረሱን ወደ ሲ6። ነጭ ጳጳሱን ሲ4 ላይ ያቆማል፤ ጥቁር ሁለተኛውን ፈረስ ወደ ኤፍ6 ያወጣል። ይህ «የሁለቱ ፈረሶች መከላከያ» ይባላል።

የነጭ ጳጳስ ከሲ4 ሆኖ የሚያየው ኤፍ7ን ነው። ኤፍ7 በጨዋታው መጀመሪያ ከንጉሡ በቀር ሌላ ጠባቂ የሌለው ቤት ነው። ነጭ በአራተኛው እርምጃ ፈረሱን ወደ ጂ5 ይልካል፤ አሁን ኤፍ7 ሁለት ጊዜ ተጠቅቷል። ጥቁር የጳጳሱን መንገድ ለመዝጋት ወታደሩን ወደ ዲ5 ይገፋል፤ ነጭ በኢ4 ወታደሩ ይበላዋል። እዚህ ላይ ለማንኛውም ጀማሪ ተገቢ የሚመስለው የኤፍ6 ፈረስ ዲ5 ላይ ያለውን ወታደር መልሶ እንዲበላ ማድረግ ነው። ወጥመዱ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ነጭ በስድስተኛው እርምጃ ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ይሠዋል። ፈረሱ በአንድ ጊዜ ንግሥቲቱንም ግንቡንም ስለሚያጠቃ ንጉሡ ሊበላው ይገደዳል። ወዲያው የነጭ ንግሥት ወደ ኤፍ3 ወጥታ ቼክ ትላለች፤ በዚያው ቅጽበት ዲ5 ላይ ያለውን ፈረስም ታጠቃለች። ንጉሡ ወደ ጂ8 ቢሸሽ ነጭ ጳጳስ ዲ5 ላይ በልቶ ቼክ ይላል፤ የተሠዋው ፈረስ ዋጋ ይመለሳል፤ ጨዋታውም ለጥቁር ያበቃል። ስለዚህ ንጉሡ ፈረሱን ለመጠበቅ ወደ ኢ6፣ ወደ ሜዳው መሐል ይወጣል። ነጭ ሁለተኛውን ፈረስ ወደ ሲ3 ያወጣል።

ጣሊያኖች ይህን ማጥቃት ፌጋቴሎ ይሉታል፤ በሌሎች ቋንቋዎችም ስሙ የተጠበሰ ጉበት ሆኖ ቀርቷል። የተመዘገበ ጨዋታው በ17ኛው መቶ ዘመን መባቻ ከሮም ከጁሊዮ ቼዛሬ ፖሌሪዮ እጅ የመጣ ነው። ዕድሜው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ነው ማለት ነው፤ እስከ ዛሬም ያልጠነቀቀ ሰው ይበላበታል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ነጭ አንድ ፈረስና አንድ ወታደር ሰጥቷል፤ ሁለት ወታደር ወስዷል። የተጣራው ዕዳ አንድ ፈረስ በአንድ ወታደር ነው፤ በተለመደው ሚዛን ሁለት ነጥብ ገደማ። በምትኩ ምን አገኘ? የነጭ ንግሥት፣ ጳጳስና ፈረስ ሦስቱም ዲ5ን ያያሉ። ነጭ በሚቀጥለው ተራ ንጉሡን በአጭር በኩል ማስገባት ይችላል። ጥቁር ደግሞ ንግሥቱ፣ ሁለቱ ጳጳሳቱና ሁለቱ ግንቦቹ፣ አምስቱም አንድ ጊዜ እንኳ ከቤታቸው አልተነቃነቁም። ዲ5 ላይ ያለው ፈረሱ ከንጉሡ ፊት ስለ ታሰረ መንቀሳቀስ አይችልም። ንጉሡ ራሱ የዘበኛ ሥራ እየሠራ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህን ማጥቃት የሚያስፈራው ኤፍ7 ላይ የወደቀው ፈረስ አይደለም። የሚያስፈራው ቤታቸው የተቀመጡት አምስቱ የጥቁር ኃይሎች ናቸው። ጥቁር በወረቀት ላይ ብልጫ አለው፤ ብልጫውን ወደ ጦር ሜዳው ለማምጣት ግን ብዙ ተራ ያስፈልገዋል፤ ነጭ ደግሞ በየእርምጃው መልስ የሚያስገድድ ጥያቄ እየጠየቀ ያንን ተራ ይነፍገዋል። መሥዋዕቱ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። የዛሬ የቼዝ ኮምፒውተሮችም እዚህ ደረጃ ሲደርሱ ፍርዳቸው ለነጭ ያደላል።

ያው ሒሳብ ሲገለበጥ

ወጥመድ ብቻ የተማረ ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅበታል። ሒሳቡን የተማረ ሰው ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠይቃል፤ ጥቁር ዲ5 ላይ መልሶ ባይበላስ?

ከጥንት ጀምሮ የሚመከረው መልስ የሲ6ን ፈረስ ወደ ኤ5 ወስዶ ጳጳሱን ማጥቃት ነው። ነጭ ጳጳሱን ወደ ቢ5 አውጥቶ ቼክ ይላል፤ ጥቁር በሲ6 ወታደር ይጋርዳል፤ ነጭ ይበላል፤ ጥቁር በቢ ወታደሩ መልሶ ይበላል። ጳጳሱ እንደገና ተጠቅቷልና ወደ ኢ2 ይመለሳል። ጥቁር በኤች6 ወታደር ፈረሱን ያባርራል፤ ፈረሱ ወደ ኤፍ3 ይመለሳል። ጥቁር ኢ4 ብሎ እንደገና ያባርረዋል፤ ፈረሱ ወደ ኢ5 ይሄዳል።

አሥር እርምጃ ሆኗል። የነጭን አሥር ተራ እንቁጠር። ፈረሱ አራት ጊዜ ተንቀሳቅሷል፤ አሁን ወዳለበት ኢ5 ግን በሁለት እርምጃ ይደረስ ነበር። ጳጳሱ ሦስት ጊዜ ተንቀሳቅሷል፤ ወደ ኢ2 ግን አንድ እርምጃ ይበቃው ነበር። አራት ተራ በመንገድ ላይ ቀርቷል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ለመውጣት ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ከመንገድ እንደሚመለስ ሰው ነው፤ ደክሞታል፣ ቀኑም መሽቷል፣ ገና ግን ዳገቱ ላይ ነው። ጥቁር በበኩሉ ፈረሱን ወደ ሰሌዳው ዳር በመውሰዱ አንድ ተራ አጥቷል፤ ኤች6ንም እንደ ጠፋ ተራ ከቆጠርን ሁለት ይሆንበታል። ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት ተራ ነው። ጥቁር የከፈለው ምንድን ነው? አንድ ወታደር።

ሦስት ተራ ለአንድ ወታደር ያልነው ምንዛሪ እነሆ ሒሳቡን እዚያው ገደማ ይዘጋዋል። የታላላቅ ተጫዋቾች አለመስማማትም ከዚህ ይመነጫል። ዚግበርት ታራሽ የጂ5ን ፈረስ የአላዋቂ እርምጃ ብሎ ናቀው። ቪልሄልም ሽታይኒትዝ ግን ወታደሩን ይዞ መከላከልን መረጠ፤ ፈረሱንም ወደ ኤፍ3 ከመመለስ ይልቅ ወደ ኤች3 ወሰደው። ይህን እንግዳ የሚመስል እርምጃ ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1963 ከአርተር ቢስጋየር ጋር ባደረገው ጨዋታ አንሥቶት አሸነፈበት። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ሚዛኑ ለግማሽ ተራ ልዩነት የሚያዘነብል ነውና።

ከሁሉ በላይ ግን የሚገርመው የሚና ለውጡ ነው። ጨዋታውን የጀመረው አጥቂ ነጭ ነበር፤ በአሥረኛው እርምጃ ግን አጥቂው ጥቁር ነው፤ ነጭ ወታደሩን አቅፎ ይከላከላል። ቀድሞ መሰንዘር ብቻ አጥቂ አያደርግም። አጥቂ የሚያደርገው ተራ ተርፎ መገኘቱ ነው።

የዚህን ሐሳብ በጣም ንጹሕ መልክ የምናገኘው በኤቫንስ ጋምቢት ነው። ዌልሳዊው የመርከብ አዛዥ ዊልያም ዴቪስ ኤቫንስ በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ያመጣው ስልት ነው። ጥቁር ጳጳሱን በሲ5 ሲያቆም ነጭ የቢ ወታደሩን በቢ4 ላይ በነጻ ያቀርብለታል። ጳጳሱ ሲበላ ነጭ ሲ3 ብሎ ያባርረዋል፤ ቀጥሎም ዲ4 ብሎ መሐሉን ይከፍታል። ጥቁር አንድ ወታደር አገኘ፤ ጳጳሱ ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ኤቫንስ ወታደር ሰጥቶ የገዛው ተራ ነው፤ ግዢው ግልጽ፣ ዋጋውም የታወቀ። አዶልፍ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1852 በርሊን ላይ ዣን ዱፍሬንን ያሸነፈበትና «ሁሌ ለምለም» የተባለው ጨዋታ በዚህ ጋምቢት የተጀመረ ነው። ያረጀ ያፈጀ ነው ሲባልም ጋሪ ካስፓሮቭ እ.ኤ.አ. በ1995 ሪጋ ላይ ቪስዋናታን አናንድን በ25 እርምጃ አሸነፈበት።

ተራ የሌለበት መክፈቻ

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ የተመሠረተው አንዱ ሲራመድ ሌላው ይጠብቃል በሚለው ሕግ ላይ ነው። ይህ ሕግ ባይኖርስ? ጥያቄው የሒሳብ ሰው ቅዠት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህች አገር ለዘመናት የተጫወቱት እንደዚያ ነበር።

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ስንል ሁላችሁም የምታስቡት በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ውስጥ ቁጥር የምትደረድሩበትን ሣጥን ነው። ቃሉ ግን ከጨዋታው የመጣ ነው። ከሕንዱ ቻቱራንጋ የፋርሱ ሻትራንጅ ተወለደ፤ ሻትራንጅ በዐረቦች በኩል ዓለምን ሲዞር እኛ ዘንድ ሰንጠረዥ ሆነ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ማየቱን ጽፏል። ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደን የጨዋታውን ሕግ በዝርዝር ገልጿል፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ታተመ። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ቼዝ ታሪክና ሥርዓት ሰፊ ጥናት አወጣ። ሰሌዳው ጨርቅ ነበር፤ ቤቶቹ በመስመር ይለያሉ እንጂ ጥቁርና ነጭ ሆነው አይቀቡም። ኃይሎቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ናቸው። ፈርዝ አንድ ቤት በሰያፍ ይራመዳል፤ ፊል ሁለት ቤት በሰያፍ ይዘላል። ፈረስና ደር ዛሬ እንደምናውቃቸው ፈረስና ግንብ ናቸው፤ መደቅ ወታደር ነው፤ ሁልጊዜም አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል።

ሰንጠረዥን ከዓለም ቼዞች ሁሉ የሚለየው መጀመሪያው ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነትና ብዛት ኃይሉን ያሰልፋል። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፤ ያወጣውን ይመልሳል፤ እንደገና ያወጣል። ይህ ወረራ ይባላል። ወረራው የሚያበቃው ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ሲበላ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተራ ይገባል፤ ጨዋታው እንደምናውቀው ቼዝ በየተራ ይቀጥላል።

አሁን የራሴን ንባብ ላቅርብ። በወረራ ውስጥ የተራ ብልጫ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ወገኖች ያሻቸውን ያህል መዘጋጀት ይችላሉ። ኤቫንስ በወታደር የገዛው ሸቀጥ በወረራ ጊዜ በነጻ ይገኛል። ታዲያ የሚያከራክረው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ምት ቅጽበት ነው። የሚበላው ሰው ወረራውን የሚዘጋው እርሱ ነው፤ አሰላለፉ ሙሉ፣ የባላጋራው ጎዶሎ የሆነበትን ቅጽበት ጠብቆ ይመታል። ቢቸኩል የራሱን ጎዶሎ አሰላለፍ ያጸናዋል፤ ቢዘገይ ባላጋራው ያቀናል። ስለዚህ ቼዝና ሰንጠረዥ የሚጠይቁን ጥያቄ አንድ ነው፦ ለመምታት የተሰናዳሁት መቼ ነው? ቼዝ ላይ ዋጋውን በተራ እንከፍላለን፤ ሰንጠረዥ ላይ በዐይን ንቃትና በትዕግሥት።

የሰንጠረዥ ተጫዋቾች የድል ውበትም ከዚህ አመለካከት ጋር ይስማማል። በደር ወይም በፈረስ ብቻ ማሸነፍ ብዙ አያስከብርም ነበር፤ የሚመሰገነው እንደ ፊል፣ ፈርዝና መደቅ ያሉ ደካማ ኃይሎች ተባብረው ንጉሡን ሲይዙ ነው። አንደርሰን በርሊን ላይ ንግሥቱን ሠውቶ በሁለቱ ጳጳሳት ማሸነፉን የሰንጠረዥ አዋቂ ቢያይ ያጨበጭብ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጳጳሱም በታሪኩ የፊል ወራሽ ነውና።

ለትምህርታችን ምን ይጠቅመናል?

ሦስት ነገር ሐሳብ ላቅርብና ላብቃ።

አንደኛ፣ ማጥቃትን ስናስተምር ከእርምጃ ዝርዝር በፊት ሦስት ጥያቄ እናስተምር። ከእኔና ከባላጋራዬ ቤቱን ለቆ የወጣው የማን ኃይል ይበዛል? ወደ ንጉሡ የሚያደርስ መንገድ ተከፍቷል? እያንዳንዱ እርምጃዬ መልስ ያስገድዳል ወይስ ለባላጋራዬ ነጻ ተራ ይሰጣል? በተጠበሰው ጉበት ውስጥ ሦስቱም መልሳቸው ለነጭ ነው፤ ፈረሱ ወደ ኤ5 በሚሄድበት መስመር ውስጥ ግን የመጀመሪያው ይገለበጣል። ይህን የያዘ ተማሪ አይቶት በማያውቀው አቋም ላይም ቢሆን የሚጀምርበት ነገር አያጣም።

ሁለተኛ፣ ወረራን ወደ ክፍላችን እንመልሰው። ልዩ ዕቃ አያስፈልግም፤ ያለን የቼዝ ሰሌዳ ይበቃል። ንግሥቲቱን ፈርዝ፣ ጳጳሱን ፊል ብለን የእርምጃቸውን ሕግ ለውጠን መጫወት እንችላለን። ጀማሪ ተማሪ ሠራዊትን ማሰለፍ ማለት ምን እንደ ሆነ ከአሥር ንግግር ይልቅ ከአንድ ወረራ ይማራል ብዬ እገምታለሁ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችም ፈተና አለላችሁ፤ ዛሬ ያሉት የቼዝ ፕሮግራሞች የተሠሩት ተራ አለ ከሚል መነሻ ነው። ተራ የሌለበትን ክፍል የሚጫወት ፕሮግራም እንዴት ይጻፋል? የመመረቂያ ሥራ የሚሆን ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ሰንጠረዥ የሚለው ቃል በየሪፖርታችን ገጽ ላይ አለ፤ ጨዋታው ግን ከመካከላችን ሊጠፋ ተቃርቧል። መደቅ፣ ፊል፣ ፈርዝ፣ ወረራ የሚሉት ቃላት በውጭ ተመራማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ በባዕድ ፊደል ተመዝግበው ሲቀመጡ፣ እኛ ጨዋታውን ከውጭ እንደ መጣ እንግዳ እንማረዋለን። አያቶቻቸው ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያዩ ተማሪዎች በመካከላችሁ ሊኖሩ ይችላሉ። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም በራሳችን ፊደል ጽፋችሁ አምጡ። የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ያለን ተራ ጥቂት ነው።

ጥያቄ ያላችሁ በየተራ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።